የቅሬያችን መዝገብ በኤስኪውላይት፦ የእሁዱ መዋጮ የት ገባ?

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ደሴ ነው። ኮድ መጻፍ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል፤ እስከ ዛሬ ግን ዳታቤዙን ሌላ ሰው ያቆምልኝና እኔ የምጠይቀው ብቻ ነበር። አሁን ለሰፈራችን ቅሬ መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም በፓይተን ጀምሬአለሁ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ እኛ ዘንድ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። አባሉ 214 ነው። የጸሐፊያችን ኮምፒውተር አሮጌ ስለሆነና ኢንተርኔትም ስለሌለው ኤስኪውላይት የሚባለውን፣ ሰርቨር የማይፈልግ ዳታቤዝ መረጥኩ።

ሁለት ነገር ቸግሮኛል። አንደኛው ፍጥነቱ ነው። የ11 ዓመቱን መዋጮ የጸሐፊያችን ልጅ ከደብተር ወደ ኤክሴል ገልብጣው ነበር፤ ወደ 28,000 መስመር ነው። ያንን ወደ ዳታቤዙ ሳስገባ ከ20 ደቂቃ በላይ ፈጀብኝ። ከዚያ በአንድ ቪዲዮ ላይ ዋል የሚባለውን ስልት ካበራችሁ ይፈጥናል ሲባል ሰምቼ አበራሁት።

ሁለተኛው እንቅልፍ የነሳኝ ነው። ባለፈው እሁድ ቅሬው ቤት ተቀምጬ የ187 ሰው መዋጮ በላፕቶፔ መዘገብኩ። ፕሮግራሙን ሳልዘጋ የዳታቤዙን ፋይል በፍላሽ ገልብጬ ለጸሐፊው ሰጠሁ። ወዲያው መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፔ ባትሪ ደካማ ስለሆነ አብሮ ጠፋ። ማታ ስከፍተው ከዳታቤዙ ጎን ስማቸው በዋል እና በኤስኤችኤም የሚያልቅ ሁለት ፋይሎች አየሁ። ትርፍራፊ መስለውኝ እስከ መጨረሻው ሰረዝኳቸው። ፕሮግራሙን ስከፍት የእሁዱ ክፍያ አንድም የለም። ፍላሹም ላይ የለም። የገባው ገንዘብ የሰው ነው፤ እባካችሁ የት እንደገባ ንገሩኝ።

ይህንን ከለጠፍኩ በኋላ ከ30 በላይ መልስ መጣ። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ማንበብ ስለሚከብደው በየቁጥሩ የተባለውን እዚህ አሰባስቤዋለሁ፤ የኔንም ሐሳብ ጨምሬበታለሁ።

1። የመጀመሪያው መልስ ከኮምቦልቻ ነው። በትህትና ሰላምታ ሰጥቶኝ ኤስኪውላይትን እንድተወውና ፖስትግሬስ የሚባለውን በሰርቨር የሚሠራ ዳታቤዝ እንድጭን መከረኝ። የገንዘብ መዝገብ በመጫወቻ ዳታቤዝ አይያዝም የሚል ነው። ምክሩ ከልቡ እንደሆነ ያስታውቃል፤ መጫወቻ የሚለው ቃል ግን ክሩን፣ የመልሶቹን ሰንሰለት፣ በሙሉ አሞቀው።

2። የወልዲያው ወንድም በዚያች ቃል ተቆጣ። ኤስኪውላይት በእያንዳንዱ አንድሮይድና አይፎን ውስጥ እንዳለ፣ ፋየርፎክስም ታሪኩን የሚያስቀምጠው በሱ እንደሆነ ጻፈ። ለአንድ ጸሐፊና ለአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሰርቨር መጫን፣ የይለፍ ቃል ማስተዳደርና ሰርቨሩ ተነሳ አልተነሳ ብሎ መከታተል ምን ይረባል ብሎ ጠየቀ። ለኔ ዋናው ነጥቡ የመጨረሻው ነበር። ኤስኪውላይት ከፕሮግራምህ ውጭ የሚሮጥ ነገር ሳይሆን ራሱ ፕሮግራምህ ውስጥ ያለ ላይብረሪ፣ ማለትም የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ ነው፤ ስለዚህ ሰርቨር ይይዝልህ የነበረው ጥንቃቄ ሁሉ አንተ ትከሻ ላይ ይወድቃል አለ። ያኔ አልፌው ሄድኩ። ክሩ ሲያልቅ ግን ደጋግሜ የተመለስኩት ወደዚህ መልስ ነው።

3። የፍጥነቱን ጥያቄ በአጭሩ የፈታው ይህ ነው። የተጻፈውን የሚያጸናውን ኮሚት የሚለውን ትእዛዝ መስመሮቹን አንድ በአንድ በሚያስገባው ዙር ውስጥ ነው ወይስ ከዙሩ ውጭ ያደረግከው ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ዙሩ ውስጥ ነበር። እያንዳንዱ ኮሚት አንድ ትራንዛክሽን፣ ማለትም ባንድነት የሚጸና የጽሑፍ ጥቅል ነው፤ ኤስኪውላይትም መረጃው ዲስኩ ላይ በእርግጥ እስኪያርፍ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ በሰከንድ ጥቂት ደርዘን ትራንዛክሽን ብቻ ነው የሚያልፈው። መስመር የሚያስገባው ኢንሰርት ራሱ ግን በአንድ ትራንዛክሽን ከተጠቀለለ በተራ ኮምፒውተር በሰከንድ 50,000 እና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ስለዚህ የዘገየው ጽሑፉ ሳይሆን 28,000 ጊዜ መጠበቁ ነው።

4 የራሴ ነው። ኮሚቱን ከዙሩ አውጥቼ በባዶ ፋይል እንደገና ሞከርኩት፤ ገና እጄን ከመዳፊቱ ሳላነሳ አለቀ። መልሱን የሰጠኝን ልጅ አመሰገንኩት።

5 እና 6። አምስተኛው ሲንክሮነስ የሚባለውን ቅንብር ባጠፋው ኮሚቱን ዙሩ ውስጥ እንደተወሁትም ሊፈጥን እንደሚችል ነገረኝ። እውነቱን ነው፤ ይፈጥናል። ስድስተኛው ግን በቁጣ ነው የመጣው። ሲንክሮነስ ሲጠፋ ኤስኪውላይት ዲስኩን መጠበቅ ይተዋል፤ ፕሮግራሙ ብቻ ቢወድቅ ምንም ላይሆን ይችላል፣ መብራት ከሄደ ግን ፋይሉ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። መብራቱ በማያስተማምን ከተማ ለሚኖር ሰው፣ ያውም ገና መብራት ጠፍቶበት ለሚያለቅስ ሰው እንዲህ ዓይነት ምክር መስጠት ወንጀል ነው እስከ ማለት ደረሰ። ወንጀል ማለቱ ከበደኝ። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው፤ ሲንክሮነሱን አልነካሁትም።

7። ወደ ዋናው ጉዳይ የገባው ሰባተኛው ነው፤ ከሁሉም ረጅሙ መልስም ይህ ነበር። መጀመሪያ የሰረዝኩት የዋል ፋይል መጠኑ ስንት እንደነበር ጠየቀኝ። ከመሰረዜ በፊት ዓይኔ አርፎበት ስለነበር ከ2 ሜጋባይት ትንሽ እንደሚበልጥ አስታወስኩ። እንግዲያው የእሁዱ ክፍያ ያ ፋይል ነበር አለኝ። ይህን ሳነብ ሆዴ ባር ባር አለ።

አሠራሩን እንዲህ ዘረዘረው። የዋል ስልት ሲበራ አዲስ የሚጻፍ ነገር በቀጥታ ወደ ዋናው ፋይል አይገባም፤ አጠገቡ ባለው የዋል ፋይል ይሰለፋል። ወደ ዋናው የሚገለበጠው ቼክፖይንት ሲደረግ ነው። ቅንብሩን ካልቀየርከው ቼክፖይንቱ የሚነሳው ዋሉ 1,000 ገጽ ሲደርስ ነው፤ አንዱ ገጽ 4,096 ባይት ስለሆነ 4 ሜጋባይት አካባቢ መሆኑ ነው። ሌላው መንገድ ፕሮግራሙ በወጉ ተዘግቶ ከዳታቤዙ ጋር ያለው የመጨረሻው ግንኙነት ሲያልቅ ነው፤ ያኔ ተገልብጦ የዋል ፋይሉ ራሱ ይጠፋል። አሁን የኔን እሁድ ቁጠሩት። 187 ክፍያ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ኮሚት ሆኖ፣ አንዱ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ይጽፋል፤ ሦስት ብንል 561 ገጽ ነው። 1,000 አልሞላም። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ከሰዓት የሰበሰብኩት በሙሉ ዋሉ ውስጥ ተቀምጦ ዋናው ፋይል የቅዳሜውን ይዞ ነበር። በፍላሽ የገለበጥኩት የቅዳሜውን ነው። መብራቱም ምንም አላጠፋብኝም፤ ማታ ሁለቱን ፋይሎች ሳልነካ ፕሮግራሙን ብከፍተው ኖሮ ኤስኪውላይት ዋሉን ራሱ አንብቦ ሁሉንም ይመልስልኝ ነበር። ያጠፋው የኔ እጅ ነው።

ይህንን ደግሜ እጽፈዋለሁ፣ የሚያነብ ሰው እንዲጠነቀቅ፦ ከዳታቤዙ ጎን የዋል ፋይል ካያችሁ የዳታቤዙ አካል ነው። አትሰርዙት፣ ለብቻው አታንቀሳቅሱት፣ ዋናውንም ያለሱ አትገልብጡ።

8። አንዲት እህት ከሐይቅ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ልትነግረኝ ገባች። ለዓሣ ነጋዴዎች የሒሳብ ፕሮግራም ስትሠራ በፓይተን ኮሚት ማድረግ ረስታ ነበር። ፕሮግራሙ እስካለ ድረስ ሽያጩ ሁሉ ይታያል፤ ተዘግቶ ሲከፈት ባዶ ይሆናል። ሦስት ቀን ሙሉ ላፕቶፑ ተበላሽቷል ብላ አምናለች። አብሽር፣ ሁላችንም በዚህ አልፈናል ብላ አጽናናችኝ። ከስድስተኛው ሰው ቁጣ በኋላ ይህ ቃል ጥሩ መጣልኝ።

9። የኩታበር አባት ናቸው፤ ብዙ ዘመን የቅሬ ጸሐፊ ሆነው እንዳገለገሉና ክሩን ልጃቸው እንዳነበበላቸው በልጃቸው እጅ አስጻፉ። የ7ን ማብራሪያ በራሳቸው ሥራ ተረጎሙት። እሁድ እሁድ ገንዘብ ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚጽፉት ደረሰኙ ላይ ነው፤ ወደ ትልቁ መዝገብ የሚያሰፍሩት ማታ ቤታቸው ሲገቡ ነው። ደረሰኙ ወደ መዝገብ ሳይገለበጥ የደረሰኙን ቀሪ ያቃጠለ ጸሐፊ ገንዘቡን አጠፋ ይባላል አሉ። ዋልን ከዚህ በተሻለ ያስረዳኝ የለም። ከዚያም ለዚያ እሁድ ደረሰኝ ቆርጣችሁ እንደሆነ ጠየቁኝ።

10። ቆርጠን ነበር። ጸሐፊያችን ኮምፒውተር ቢኖርም ባይኖርም ደረሰኝ ሳይቆርጡ ገንዘብ የሚቀበሉ ሰው አይደሉም። በማግስቱ ማታ ቤታቸው ሄጄ ቀሪውን ይዘው ተቀመጡ፤ እሳቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ ጥራዙን ወደ አምፖሉ አስጠግተው፣ ስምና ብር እየጠሩ፣ እኔ እየመታሁ። በየ20 ስሙ ቆም ብለን ድምሩን እናስተያያለን። ካርቦኑ የደከመበት ቦታ ላይ ሰውየውን በስልክ ጠይቀን አረጋገጥን። በሁለት ማታ 187ቱም ተመለሱ፤ ድምሩ ከሣጥኑ ገንዘብ ጋር ገጠመ። አልሐምዱሊላህ አሉ፤ እኔም እንዲሁ።

ከ11 እስከ 13 ክሩ ወደ ቅሬ ዞረ። አንዱ የወረቀት መዝገብ ይቅር ወይስ ይቆይ ብሎ ጠየቀ፤ ሁለት ሰዎች ይቆይ አሉ። እኔም ከነሱ ጋር ነኝ።

14። አንድ አስተማሪ ኤስኪውላይት ከየት እንደመጣ ታሪኩን አመጡ። ሪቻርድ ሂፕ ኤስኪውላይትን መንደፍ የጀመሩት በ2000 እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ ያኔ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር መርከብ የሚሆን ሶፍትዌር ላይ ይሠሩ ነበር። የዳታቤዙ ሰርቨር በወደቀ ቁጥር ፕሮግራማቸው አብሮ ይቆማል፤ ሰርቨር የማይፈልግ ዳታቤዝ ቢኖርስ ከሚለው ሐሳብ ተነሥተው ነው። የመጀመሪያው ቅጂ በዚያው ዓመት ነሐሴ በፈረንጅ አቆጣጠር ወጣ። ኮዱ የሕዝብ ንብረት ተደርጎ ተለቋል፤ አዘጋጆቹም እስከ 2050 ሊደግፉት ቃል ገብተዋል። ይህን ሳነብ የመጀመሪያው መልስ ላይ የተነሣው መጫወቻ የሚለው ነገር ከአእምሮዬ ወጣ።

15። ታዲያ ዳታቤዙ ክፍት ሆኖ እያለ እንዴት ይገልበጥ የሚለውን ጥያቄ ያነሳችው የሐይቋ እህት ናት። ሁለት መንገድ ተነገራት። አንደኛው ቫኪዩም ኢንቱ የሚባለው ትእዛዝ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ ከ2019 ጀምሮ ያለ ሲሆን ዋሉ ውስጥ ያለውንም ጨምሮ አንድ ንጹሕ ፋይል ይጽፋል። ሁለተኛው ፓይተን ራሱ ግንኙነቱ ላይ ያለው ባካፕ የሚባል ዘዴ ነው፤ ከፓይተን 3.7 ወዲህ አለ። እኔ የመጀመሪያውን መረጥኩ፤ ፕሮግራሙ ላይ ወደ ፍላሽ አስቀምጥ የሚል አንድ ቁልፍ አድርጌለት ከኋላው ይህ ትእዛዝ ይሠራል።

16። ሌላ ሰው ቁልፉ ብቻ እንደማይበቃ ጨመረ። የተገለበጠውን ፋይል ከፍቶ መስመሩን ቆጥሮ ከዋናው ጋር ያላስተያየ ሰው መጠባበቂያ አለኝ አይበል አለ። ያለፈው እሁድ ይህን ባደርግ ኖሮ ፍላሹን ለጸሐፊው ከመስጠቴ በፊት 187 መጉደሉን አያለሁ። ቁልፉ አሁን ከገለበጠ በኋላ ሁለቱን ቆጥሮ ልዩነት ካለ በቀይ ይጮኻል።

ከ17 እስከ 21 ስለ ቀን ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ቆየን። ነገሩን የቀሰቀሰው የራሴ ስህተት ነው። በጳጉሜን የከፈሉ ሰዎች ሪፖርቱ ላይ አይወጡም ነበር። ኤስኪውላይት የቀን ዓይነት የሚባል የለውም፤ ቀን በጽሑፍ ወይም በቁጥር ነው የሚቀመጠው፤ ዴት የሚባለው ተግባሩ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። 13ኛ ወር ሲሰጠው ኑል፣ ማለትም ባዶ ይመልሳል፤ ስህተት ብሎ አይጮኽም። የኔ ሪፖርት ያንን ኑል ዝም ብሎ ጣለው።

የወልዲያው ወንድም በፈረንጅ ቀን አስቀምጥና ስታሳይ ብቻ ቀይረው አለ። ሌላው ይህን አጥብቆ ተቃወመ፤ የቅሬ ውዝፍ የሚቆጠረው በኛ ወር ነው፤ ሦስት ወር ያልከፈለ ሲባል መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር ነው፤ ያንን በሴፕቴምበር አጋማሽ እየቆረጡ መቁጠር ራስን ማሳመም ነው አለ። ድምፃቸው ከፍ አለ። አስተማሪው ጣልቃ ገብተው ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ 6 ቀን እንደምትሆን፣ ለምሳሌ 2015 እንዲህ እንደነበረ አስታወሱን፤ መቀየሪያውን የሚጽፍ ሰው ይህን ካልያዘ መስከረም 1 በአንድ ቀን ይስታል። እኔ በመጨረሻ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በሦስት የቁጥር ዓምድ በኛው አቆጣጠር አስቀመጥኩ። የኤስኪውላይትን የቀን ተግባር ፈጽሞ አልጠራውም። ለሌላ ሥራ የወልዲያው መንገድ ይሻል ይሆናል፤ ለቅሬ ግን ይህ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

22። ስለ ስም። ጸሐፊው ፀሐይ ብለው ሲፈልጉ ጸሀይ ተብላ የተመዘገበችው አትወጣም፤ መሐመድ እና መሀመድም እንዲሁ። ለኤስኪውላይት እነዚህ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። መልሱ ሌላ ዓምድ ጨምሮ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ለውጦ ማስቀመጥና ፍለጋውን በዚያ ማድረግ ነው። 23ኛው ሰው ስምን ማስተካከል የሰውን ማንነት መንካት ነው ብሎ ተቆጣ። ያልገባው ነገር አለ፤ ዋናው ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጣል፣ ሁለተኛው ዓምድ ለፍለጋ ብቻ ነው። ሲብራራለት ተቀበለ። ተራ አያያዙን በተመለከተ ግን ምንም አልቸገረኝም፤ የፊደሎቻችን የዩኒኮድ ቁጥር ሀ ሁ ሂ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ ዝርዝሩ በለመድነው ቅደም ተከተል ይወጣል።

24። አንዲት የፋርማሲ ሒሳብ የምትሠራ ልጅ ስለ ዓምድ ዓይነት አስጠነቀቀችን። ዓምዱ ቁጥር ነው ብለህ ብታውጅም ኤስኪውላይት ሃምሳ ብለህ በፊደል ብትጽፍበት ይቀበላል፤ ሲደምር ግን እንደ ዜሮ ይቆጥረዋል። እንደ ፈረንጆቹ ከ2021 ወዲህ ሠንጠረዡ ሲፈጠር ስትሪክት የሚል ቃል መጨመር ይቻላል፤ ያኔ እምቢ ይላል። የኔን ሠንጠረዦች በሙሉ በዚህ እንደገና ፈጠርኳቸው። ከኤክሴሉ የመጡ አራት መስመሮች በዚህ ተያዙ፤ አንዱ ላይ ብር ዓምድ ውስጥ ከፍሏል የሚል ተጽፎ ነበር።

25። አንዱን ሠንጠረዥ ከሌላው ጋር የሚያያይዘው ፎሪን ኪይ ካላበራኸው እንደማይሠራ፣ የሚበራውም ለእያንዳንዱ ግንኙነት ለብቻው እንደሆነ ተነገረኝ። ሞክሬ አየሁት፤ እውነት ነው። አንድ አባል ሲሰረዝ ክፍያዎቹ ባለቤት አጥተው ቀርተዋል።

26። ነገሩ እንደገና የጋለው እዚህ ነው። አንድ ሰው ፋይሉን በዋይፋይ በተጋራ ፎልደር አስቀምጠን ሁለት ጸሐፊ ከሁለት ላፕቶፕ እሁድ እሁድ ቢመዘግብበትስ አለ። 27ኛው የመጀመሪያው የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ ከ2 ጀምሮ ዝም ብሎ ነበር። ያልኩት ይህንኑ ነበር፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ሐረጎን ወርዳችሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም አለ። የወልዲያው በስድብ አፋፍ ላይ ያለ መልስ ሰጠ፤ 29ኛው አልፎ ተሳደበ፤ ያ መልስ በኋላ ተነሥቷል።

የሐይቋ እህት አረጋጋቻቸው። እዚህ ላይ ኮምቦልቻው ትክክል እንደሆነ በግልጽ ጻፈች፤ ሁለት ሰው ባንዴ እንዳይጽፍ የሚከለክለው የፋይል ቁልፍ በኔትወርክ ፎልደር ላይ የማይታመን ነው፣ የዋል ስልትም በኔትወርክ ላይ አይሠራም፤ ሁሉም አንድ ኮምፒውተር ላይ መሆን አለባቸው። ከአንድ በላይ ማሽን ከጻፈ ሰርቨር ያስፈልጋል። ባንድ ማሽን ላይ ግን የኮምቦልቻው ምክር ሸክም ነው። ኮምቦልቻው ይቅርታ ጠየቀ፤ መጫወቻ ያለውንም ቃል ተወ። የወልዲያውም መለሰለት፤ ወንድሜ ብሎ ጀመረ።

እኛ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ኮምፒውተር ነን። ባለንበት ቆየን።

32። የኩታበሩ አባት ተመልሰው ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱና ወንበሩ በምን እንደሚያዝ ጠየቁ፤ ለቀብር የወጣው ስንት ተመለሰ የሚለው ከገንዘቡ ይልቅ ያጣላል አሉ። ዕቃውን በአንድ ሠንጠረዥ፣ መውጣትና መመለሱን በሌላ ሠንጠረዥ እንደማደርገው ነገርኳቸው። ትናንት እሁድ 191 ሰው ከፈለ። ቁልፉን ተጫንኩ፤ ፍላሹ ላይ 191 ተቆጠረ፤ ጸሐፊያችን ደረሰኛቸውን ቆጥረው 191 አሉና ፍላሹን ኪሳቸው ከተቱት።